በር የተዘጋበት የቦርድ ጸሐፊ

ሰው በብዙ ምክንያት ይቆለፍበታል። አንዱ ሰርቆ፣ አንዱ ተደባድቦ፣ አንዱ ደግሞ አምሽቶ ሲመጣ ሚስቱ ትቆልፍበታለች። እኔ የተቆለፈብኝ በመልካም አስተዳደር ነው። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ደባርቅ ከተማ መሀል፣ እትዬ ትጓደድ ሆቴል ጓዳ ውስጥ፣ በብርበሬ ጆንያና በገብስ ጆንያ መካከል። "ምን አጥፍተህ?" የሚለኝ አይጠፋም። ምንም አላጠፋሁም። የቦርድ ጸሐፊ ሆኜ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እኔ ደባርቅ በሚገኝ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የእንጨት ሥራ አሠልጣኝ ነኝ። ክፍላችን ትልቅ አይደለም። ጥቂት መጋዝ፣ ጥቂት መላጊያ፣ ብርዱ ጣታቸውን ሲያደነዝዘው ምስማሩን ትተው አውራ ጣታቸውን የሚመቱ ሠልጣኞች፣ እና እኔ። ከኮሌጁ ክፍሎች ሁሉ ጩኸታችን አንደኛ ነው፤ ሪፖርት ላይ ግን ስማችን የሚገኘው ወረቀቱን ገልብጦ ለሚያይ ሰው ነው።

አንድ ቀን ዲናችን ከክልል ስብሰባ ተመለሰ። ዲናችን ወጣት ነው፣ ልቡም ቀና ነው። ችግሩ፣ ሌላው ሰው ከመንገድ ሲመለስ ብርቱካን ይዞ እንደሚመጣው እሱ አዲስ ቃል ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ "ካይዘን" ይዞ መጥቶ መጋዞቻችንን በቁመታቸው ስንደረድር ከረምን። የረጃጅሞቹ ወገን እስካሁን ንጹሕ ነው፤ ከፍ ብለው ስለተሰቀሉ የሚደርስባቸው የለም። አሁን ደግሞ "ሪፎርም" ይዞ መጣ።

ሰበሰበንና "ከእንግዲህ ይህን ኮሌጅ የምመራው እኔ አይደለሁም" አለ። ፊታችን ላይ ደስታ ሊወጣ ሲል አየና "ብቻዬን ማለቴ ነው!" ብሎ ቶሎ አስተካከለው። "ቦርድ ይቋቋማል። ምሩቃኖቻችንን የሚቀጥሩት ነጋዴዎች፣ ባለሙያዎችና የአገር ሽማግሌዎች ይገቡበታል። እነሱ ይወስናሉ፣ እኛ እንፈጽማለን።"

እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ጦሱ መጨረሻው ላይ መጣ። "ከክልል ገምጋሚ ይመጣል" አለ ዲናችን። "አባላቱ ሁሉ የተገኙበትና የሚወስን ቦርድ ካላየ ደካማ የተባሉት ክፍሎች ይዘጋሉ፤ አሠልጣኞቻቸውም ወደ ጎንደር ይዛወራሉ።" "ደካማ" ሲል ዓይኑ ጣሪያውን፣ ወለሉንና መስኮቱን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ባለቤቴ የደባርቅ ልጅ ናት፤ ጎንደር ስትወርድ "ሞቀኝ" እያለች ቶሎ የምትመለስ።

"ይሁና" አለች፣ "በየበዓሉ እየመጣህ ትጠይቀናለህ።"

"እንዴ! አብረሽኝ አትመጪም?"

"ላሜን ለማን ትቼ?"

እኔ ከላሟ ጋር ልፎካከር አልችልም። እሷ ወተት ትሰጣለች፤ እኔ የምሰጠው አስተያየት ነው። ስለዚህ ዲናችን በማግስቱ "የቦርዱ ጸሐፊ ማን ይሁን?" ሲል እጄ ከአፉ ቀድሞ ወጣ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኔ የቦርድ ጸሐፊነትን አገባሁ።

የመጀመሪያውን ስብሰባ በኮሌጁ አዳራሽ ጠራን። ፕሮጀክተር ተተከለ፣ የታሸገ ውሃ ተደረደረ፣ የእያንዳንዱ አባል ስም በካርቶን ላይ ተጽፎ ከወንበሩ ፊት ቆመ። ካርቶኖቹ ሁሉ ተገኙ፤ ሰዎቹ አልተገኙም። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ትጓደድ "እንግዳ በዝቶብኛል" ብለው ላኩ። አያ ሞላ፣ ራስ ደጀን ለሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎ የሚያከራዩት የአምቢኮ ገበሬ፣ "እኔ ከበቅሎ ጋር የምኖር ሰው፣ ኮሌጅ ምን ሊያደርግልኝ" አሉ። ጋሽ ፈንታሁን፣ ዳባት ላይ ትልቅ እንጨት ቤት ያላቸው ሰው፣ አልመጣም ብለው እንኳ አልላኩም። የእሳቸውን ነገር ቆይቼ አወጋችኋለሁ፤ ስማቸውን ባነሳሁ ቁጥር ትንፋሽ መሰብሰብ አለብኝ።

የመጡት መምሬ ይሁኔ ብቻ ናቸው፤ ኅብረተሰቡን ወክለው። ዲናችን ተስፋ መቁረጥ አያውቅም። "ክቡራን የቦርድ አባላት!" ብሎ ጀመረና ያንን ሁሉ ሥዕላዊ ማብራሪያ ለአንድ መምሬ አሳየ። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው በትዕግሥት እስከ ፍጻሜው ሰሙት። ከዚያም ጠየቁ።

"ልጄ፣ ተራው የማን ነው?"

"የምን ተራ፣ አባታችን?"

"የመደገሱ ነዋ! ሰው ተራ ከሌለው ለምን ብሎ ይመጣል? እኔ በዕድሜዬ የማይፈርስ ስብሰባ ያየሁት የጽዋ ማኅበር ነው። ዛሬ አንተ ቤት ቀምሶ የሄደ ሰው፣ ነገ እሱ ሲደግስ እንዳትቀርበት ሲል እየሮጠ ይመጣል። ጽዋውን ተረክቦ ቤቱ የወሰደማ ጭራሽ እንቅልፍም የለው።"

ዲናችን መመሪያውን አገላበጠ። ተራ የሚል ቃል አጣ፣ አንገቱን ደፋ፣ እንደገና አገላበጠ፣ ድንገት ጮኸ፦ "ኃላፊነት በዙር ይሆናል ይላል! ማኅተምም በአንድ ግለሰብ እጅ አይቆይም ይላል!"

"ይኸው" አሉ መምሬ፣ "መንግሥትም ደርሶበታል ማለት ነው።"

በዚህ ዓይነት ቦርዳችን በማኅበር ሥርዓት ተቋቋመ። ስብሰባው በየአባሉ ቤት በተራ ይሆናል። የቀረ ሰው ተራው ይደገምበታል። ከመጀመሩ በፊት የተቀያየመ ካለ ይታረቃል፤ ሳይታረቁ ዳቦ አይቆረስም፣ አይወሰንምም። የኮሌጁ ማኅተም ደግሞ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ትንሽ መሶብ ውስጥ ገብቶ፣ ቀጣዩ ባለተራ ተረክቦት ይሄዳል። ዲናችን ነገሩ ከጽዋው ጋር እንዳይምታታ ፈርቶ መምሬን ሲጠይቃቸው ቆጣ አሉ። "ጽዋው ጽዋ ነው፣ ማኅተሙ ማኅተም ነው። ተራ ግን የትም ተራ ነው።"

ብታምኑም ባታምኑም ሠራ። እትዬ ትጓደድ ባለተራ ሲሆኑ ሆቴላቸውን ለእንግዳ ዘግተው ጠበቁን። አያ ሞላ፣ ከኮሌጅ ጋር ምንም የሌላቸው ሰውዬ፣ ከአምቢኮ ድረስ ቀድመው ደርሰው በር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ከዚያ ወዲያ አጀንዳው እንደ ቅቤ ነበር የሚወርደው።

የሚቀጥለው ተራ ለአያ ሞላ ደረሰና ማኅተማችን መሶቡ ውስጥ ሆኖ፣ በበቅሎ ተጭኖ፣ ወደ ራስ ደጀን ግርጌ ወጣ። መዘዙ የገባን ከሄደ በኋላ ነው። ከእኛ ዘንድ በምግብ ዝግጅት የተመረቀች አንዲት ልጅ ኮሶዬ ላይ አንድ ሎጅ ሥራ አግኝታ የትምህርት ማስረጃዋን ልታስመታ መጣች። ማኅተሙ አምቢኮ ነው ስንላት ፈዝዛ አየችን። ምርጫ አልነበራትም፣ ወጣች። አያ ሞላ ማኅተሙን ከማሳረፋቸው በፊት "እስቲ ሙያሽን እንየው፣ በባዶ አልመታም" ብለው ለቤተሰቡ ሁሉ ወጥ አሠሯት። ስትመለስ "የእናንተ ፈተና ቀሎኝ ነበር" አለችን። ዲናችን ይህንንም "የመስክ ምዘና" ብሎ መዘገበው።

አሁን የጋሽ ፈንታሁን ነገር መጣ። ትንፋሼን ሰብስቤአለሁ።

እኔና እሳቸው ሰላምታ ካቆምን ቆይተናል። አንድ የምረቃ ቀን ነው፣ የሠልጣኞቻችን ሥራ ለሕዝብ ሲታይ። አንድ ሰው "ከእናንተና ከፈንታሁን ማን ይሻላል?" ብሎ ጠየቀኝ። "ዝም አይነቅዝም" ብዬ ማለፍ ስችል፣ ማይክሮፎኑ ከአፌ ሥር መሆኑን ዘንግቼ "የፈንታሁን በር ነፋስ ሲያንኳኳ ይከፈታል፤ ባለቤቱ ሲያንኳኳ ግን አይሰማም" አልኩ። ሕዝቡ ሳቀ። ጋሽ ፈንታሁን ከመሀል ተነሥተው፣ ማይክሮፎን ሳያስፈልጋቸው፣ "የእሱ ሠልጣኞች የሠሩት ወንበር ደግሞ መስገድ ያውቃል!" አሉ። ሕዝቡ ከፊተኛው አብልጦ ሳቀ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ደባርቅ ሲመጡ እኔ መንገድ እቀይራለሁ፣ እኔ ዳባት ስሄድ እሳቸው ሚኒባሱ እስኪያልፍ ጀርባቸውን ይሰጣሉ።

መመሪያው ታዲያ ምን ይላል? የእንጨት ሥራ ክፍል እንዲቀጥል ከተፈለገ የእንጨት ሙያ ባለሀብት ቦርዱ ውስጥ ተገኝቶ ሠልጣኞችን ተቀብሎ አለማምዳለሁ ማለት አለበት። በአካባቢው ያለው ባለሀብት አንድ ነው። ያም አንድ እኔ ስሙን በማይክሮፎን ያነሳሁት ነው። ደጋግመን ጠራናቸው፣ ደጋግመው ቀሩ። ቤቴ ያለችው ላም እንኳ ሁኔታዬን አይታ የራራችልኝ ይመስለኝ ጀመር።

ገምጋሚው የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ተራው ለጋሽ ፈንታሁን ነበር፤ እሺ ስላላሉ ግን እትዬ ትጓደድ "እንግዳ ሜዳ ላይ አይቀርም" ብለው እንደገና ቤታቸውን ሰጡ። አያ ሞላ ማኅተሙን ከነመሶቡ አውርደው ለእኔ ለጸሐፊው አስረከቡኝ፤ ኮት ኪሴ ውስጥ ከነቀለሙ ከተትኩት። ገምጋሚው ቀጭን ጃኬት የለበሰ ወጣት ነው፣ የደባርቅ ብርድ ጥርሱን እያፋጨበት መጻፊያውን ይዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ዲናችን ላቡ ይወርዳል። እኔ የጎንደርን ሙቀት ከወዲሁ መለማመድ ጀምሬአለሁ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና ጋሽ ፈንታሁን ገቡ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ በቁመትም በወርድም። እኔን አላዩኝም፣ ወይም አይተው ግድግዳ ነው ብለዋል። "ተራ ሰባሪ ከምባል ብዬ ነው የመጣሁት። መምሬ ሰው ልከውብኛል" አሉና ቆሙ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ መምሬ መስቀላቸውን አንስተው እስኪጠይቁ ድረስ።

"በመካከላችሁ የተቀያየመ አለ?"

ገምጋሚው መጻፊያውን አዘጋጀ። ዲናችን በዓይኑ "የለም በል" ይለኛል። ግን መምሬ ፊት እንዴት ተደርጎ ይዋሻል?

"አለ" አልኩ። "እኔና ጋሽ ፈንታሁን።"

"በምን ተጣላችሁ?"

"እሱ በሬን ሰደበ" አሉ ጋሽ ፈንታሁን።

"እሳቸው ወንበሬን ሰደቡ" አልኩ።

መምሬ ሊናገሩ ሲሉ እትዬ ትጓደድ ቀደሙ። "ኧረ ምን ያጨቃጭቃችኋል! ሁለቱም እኔ ቤት አሉላችሁ። ያ ወንበር ከኮሌጁ የገዛሁት ነው፣ ያ የጓዳ በር ፈንታሁን የሠራልኝ ነው። ይሞከራ!"

መምሬ አሰቡበት። "መልካም ፍርድ ነው" አሉ። "አንተ ፈንታሁን፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥ። አንተ ደግሞ ጓዳው ግባና በሩን ዘግተህ ክፈተው። ያመሰገነ ይመሰገናል፣ የበደለ ይቅር ይባላል። ከዚያ ዳቦው ይቆረሳል።"

ጋሽ ፈንታሁን ወደ ወንበሩ ሄዱ። ያንን ወንበር የሠራችውን ሠልጣኝ አስታወስኳት፣ ስሟን በልቤ ጠራሁ፣ ቅዱሳንንም አብሬ ጠራሁ። ቀስ ብለው ወረዱ። ወንበሩ አቃሰተ። ትንሽ ወደ ግራ አለ፣ አሰበበት፣ ተመልሶ ቀጥ አለ። አልሰገደም! አያ ሞላ "በቅሎም ቢሆን ከዚህ በላይ አይችልም" ብለው መሰከሩ።

ተራው የእኔ ሆነ። ደረቴን ነፍቼ ጓዳ ገባሁ፣ በሩን ሳብኩት፣ ሙሉ በሙሉ ግጥም ብሎ ተዘጋ። እውነት ለመናገር ደስ የሚል አዘጋግ ነበር። "መልካም በር ነው!" ብዬ ከውስጥ ጮህኩ፣ ይቅርታዬ እንዲሆን። ከዚያም ገፋሁት።

እንቢ አለ።

በትከሻዬ ገፋሁት፣ እንቢ አለ። ጋሽ ፈንታሁን ከውጭ ተነሥተው ጎተቱት። ጎተት፣ ጎተት፣ ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ። እጀታው ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። ከውጭ ማንም አልሳቀም፤ ይህም ከሳቅ የከፋ ነበር።

"ነፋስ ቢኖር ይከፈት ነበር" አሉ እትዬ ትጓደድ።

ገምጋሚው ሰዓቱን አየ። ጉም ሳይወርድ ወደ ጎንደር የሚመለስ መኪና ይጠብቀዋል። "ይቅርታ፣ ስብሰባው አሁን ካልተጀመረ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል ብዬ ልመዘግብ ነው" አለ። ሌላ ጊዜ ማለት ጎንደር ማለት ነው። "ይጀመር!" ብዬ ከጓዳ ጮህኩ።

"ግን ጸሐፊው በስብሰባው ላይ አሉ ለማለት ይቻላል?" አለ ገምጋሚው።

"ድምፁ አለ" አሉ መምሬ። "ለጸሐፊ ሌላ ምን ያስፈልገዋል፣ ልጄ?"

ተጀመረ። ዲናችን አጀንዳውን አነበበ፦ የእንጨት ሥራ ክፍል ይቀጥል ወይስ ይዘጋ? እኔ ጆሮዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ አንድ እጄን ለብርበሬው ጆንያ ተደግፌ እሰማለሁ። እትዬ ትጓደድ "ይቀጥል" አሉ። አያ ሞላና መምሬም "ይቀጥል" አሉ። በዚህ ጊዜ የተደገፍኩት ጆንያ አፉ ተፈታ። ብርበሬው ተነሣ። አነጠስኩ፣ ያውም ጣራው እስኪነቃነቅ።

"ይማርህ!" አሉ ሁሉም።

"ይህ ድጋፍ ነው ወይስ ተቃውሞ?" አለ ገምጋሚው።

"ብርበሬ ነው" አሉ መምሬ።

የቀሩት ጋሽ ፈንታሁን ናቸው። ተመልሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ይሰማኛል። እኔ ጓዳው ውስጥ ሆኜ ባለቤቴን፣ ላሟን፣ የጎንደርን ሙቀትና ብቻዬን የምከራየውን ክፍል አየሁ። እንባዬ ወረደ፤ ከብርበሬው ነው ብዬ ብምል ግማሹ እውነት ነው።

"ይቀጥል" አሉ በመጨረሻ። "ወንበሩ ይዞኛል፣ ልክድ አልችልም። ልጆቹን ይላኳቸው፣ ዳባት እኔ ጋ ይለማመዱ። በር መሥራት አስተምራቸዋለሁ።"

"በር መሥራት?" የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ያን ጊዜ ላሟ ታየችኝና ዋጥኩት።

ውሳኔው ተጻፈ። ማኅተም ያስፈልገዋል። ማኅተሙ የት ነው? ኪሴ ውስጥ። እኔስ የት ነኝ? እዚህ ላይ ግን የጋሽ ፈንታሁን በር ውለታ ዋለልን። ከሥሩ ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። ወረቀቱን በዚያ አስገቡልኝ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ በጨለማው መታሁት፣ በዚያው መለስኩት። ገምጋሚው አየው፣ ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። ማኅተሙ ተዘቅዝቆ ነበር። ግን አርፏል።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ፈንታሁን መዶሻ አስመጡና እኔ ከውስጥ የማጠፊያዎቹን ብረት በማማሰያ እጀታ ስገፋ፣ እሳቸው ከውጭ በሩን ወደ ላይ እያነሱ መሥራት ጀመርን።

"ወደ ግራ በል" ይላሉ።

"አልኩ።"

"እንጨቱ እርጥብ ሳለ ነው የገጠምኩት፣ ተቻኮልሁ። ያ ወንበርህም አቃስቶብኛል።"

"አልሰገደም ግን።"

"አልሰገደም" አሉ። ሳቃቸው በክፍተቱ ገባ።

በሩ ተነሥቶ ወጣሁ። ከራሴ እስከ ጫማዬ ቀይ ነኝ። ጋሽ ፈንታሁን እንዲህ ሲያዩኝ አላስቻላቸውም፣ ትልቁን ክንዳቸውን ዘርግተው አቀፉኝ። ብርበሬው ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ መምሬ፣ ከመምሬ ወደ ቤቱ ሁሉ ተነሣ። ሁሉም ያለቅሳል። ገምጋሚውም በመሀረቡ ዓይኑን እየጠረገ "እንዲህ ያለ እርቅ አይቼ አላውቅም" እያለ ይጽፋል። ዳቦው ተቆረሰ፣ እኔም ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ የበላሁት እህል ጣዕም አገኘ።

ክፍላችን አልተዘጋም። ባለቤቴ ስነግራት "ላሟን ልንገራት" ብላ ወጣች፤ ከዚያ በላይ ደስታ አልጠበቅሁም። የገምጋሚው ሪፖርት ሲመጣ ግን እንዲህ ይላል፦ ከሁሉ የሚደነቀው፣ ጸሐፊው በድምፅ ሰጪዎች ላይ ተጽዕኖ እንዳያሳድር በተዘጋ ክፍል ተለይቶ መቀመጡ ነው፤ ሌሎች ኮሌጆችም ልምድ ይውሰዱበት።

ወሰዱበት። አሁን በየጊዜው መኪና እየሞላ፣ ማስታወሻ የያዘ እንግዳ ደባርቅ ይመጣል። ዳቦውን ያያሉ፣ መሶቡን ያያሉ፣ ከዚያ ወደ ዲናችን ጠጋ ብለው "የጓዳው ሥርዓትስ መቼ ነው?" ይላሉ። ዲናችን ወደ እኔ ያያል። እኔም እገባለሁ። ጋሽ ፈንታሁን ከሠልጣኞቻችን ጋር በሩን አድሰውታል፣ በጣት ሲነካ ይከፈታል፤ ስለዚህ እንግዳ ሲኖር እሳቸው ከውጭ በጀርባቸው ይደገፉታል።

ይህንንም የምጽፍላችሁ ከዚያው ጓዳ ነው። ውጭ ድምፅ እየተሰጠ ነው። እትዬ ትጓደድ የጆንያውን አፍ ዛሬም አላሰሩትም። ይኸው፣ አነጠስኩ።

"ይህ ድጋፍ ነው ወይስ ተቃውሞ?" ይላል አንድ እንግዳ።

"ደንቡ ነው" ሲሉ ይሰማኛል መምሬ፣ "ጻፈው፣ ልጄ።"